የቁም ሳጥን መናኸሪያ

ማይክሮፎኑን ገና አልመረጥኩም አልኳት ናጂሃን። ናጂሃ ልጄ ናት፣ እዚህ የበረዶ አገር ያመጣችኝ እሷ ናት፣ አምጥታ ስታበቃ ራሷ ሥራ አግኝታ ባቡር ቀን ከሌት ተጉዞ ወደሚደርስበት የደቡብ ከተማ ወረደች፣ እኔን ከነጋቢዬ ሰሜን ጫፍ ላይ ተክላኝ ሄደች። አልመረጥኩም አልኳት፣ ውሸት ነው፣ ማይክሮፎኑ ከተገዛ ሰነበተ፣ ከነማቆሚያው ከነገመዱ ቁም ሳጥኔ ውስጥ እንደ ሙሽራ ጨርቅ ተከናንቦ ቆሟል፣ ግን መረጥኩ ካልኩ መቅረጽ አለብኝ፣ ከቀረጽኩ ሥራው ያልቃል፣ ሥራው ካለቀ ናጂሃ ሰዎች አስከትላ ቁርሴን ሳልቀምስ በሬን ታንኳኳለች፣ በማለዳ ሰው አስከትሎ በር የሚያንኳኳ ምን ይዞ እንደሚመጣ ደግሞ ቡሬ ላይ ጡት የጠባ ሁሉ ያውቃል፣ መርዶ ነው። እህቴ ኡምሀኒ ሞታለች። ማወቄን ግን አያውቁም። ያወቁ ዕለት ድምጿ ይቋረጥብኛል፣ ስለዚህ አልመረጥኩም፣ ገና እያማረጥኩ ነው።

እንቅልፍም የለኝ፣ እንቅልፍ የሚመጣ ሲጨልም አይደል፣ እዚህ በሐምሌ አይጨልምም፣ ፀሐይቱ ልትጠልቅ ትሄድና ጫካው ጫፍ ላይ ስትደርስ ዕቃ እንደረሳች ሴት ቆም ብላ ትመለሳለች። መጀመሪያ ያየሁ ዕለት ቂያማ ነው፣ ዓለም አለቀች ብዬ ውዱእ አድርጌ፣ ታጥቤ ጠበቅሁ፣ ቂያማውም ቀረ፣ አውቶቡሱ በሰዓቱ መጣ። ሰዓቴ ቡሬን እንደያዘ ነው፣ አልነካሁትም። ቡሬ አሁን ዝናብ ነው። በሐምሌ የቡሬ ቆርቆሮ እንዴት እንደሚጮህ እዚህ ላለ ሰው ማስረዳት አይቻልም፣ ባልና ሚስት በምልክት ነው የሚጣሉት፣ ሙአዚኑ ራሱ አዛን ብሎ ሲያበቃ ማለቱን ያጠራጥረዋል። እዚህ ዝምታ ነው፣ ማቀዝቀዣው ብቻ ያጉረመርም ነበር፣ እሱንም ለመቅረጽ ስል ከግድግዳው ነቅዬው ወተቱ ተበላሸ።

ጣጣዬ ሁሉ ድምፅ ነው። እኔ መሐመድአወል የቡሬ መናኸሪያ ጠሪ ነበርኩ፣ ሾፌር አይደለሁ፣ ረዳት አይደለሁ፣ ጠሪ። ማንኩሳ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ጅጋ፣ ደምበጫ ብዬ የለቀቅሁት እንደሆነ ሚኒባሱ ሳይነሣ ድምፄ ቀድሞ ፍኖተ ሰላም ይገባል፣ የፍኖተ ሰላም ተራ አስከባሪዎች ሰውዬው ከቡሬ ሆኖ ተሳፋሪያችንን እየጠራ ወሰደብን ብለው ሽማግሌ ልከውብኛል። ዞሬ ደግሞ ወደ ኮሶበር፣ ዳንግላ፣ ዱርቤቴ ያልኩ ጊዜ ዱርቤቴ ገበያ የታሰረ በሬ ገመዱን በጥሶ ይመጣል፣ አንዱ እንዲያውም ደርሷል፣ ባለቤቱ እያለከለከ ተከትሎት መጣ፣ ሰውዬውን በመኪና መለስኩት፣ በሬው አልመለስም አለ። አታምኑኝ እንደሆነ ኡምሀኒን ጠይቁ እላለሁ። ሄደው ሲጠይቋት ፊቷ ሳይፈታ «እሱማ ሁለት በሬ ነበር፣ አንዱን ደብቋችሁ ነው» ትላቸዋለች። አሁን ማንን ይጠይቃሉ።

የጠሪ ጥበቡ ግን ጩኸቱ አይደለም። ጥበቡ አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረው ማለት ነው። መኪናው ግማሹ ባዶ ነው፣ ሾፌሩ ሻዩን ገና እያማሰለ ነው፣ አንተ አንድ ሰው ብቻ ትላለህ፣ ገበያተኛው ዶሮውን ታቅፎ ሮጦ ይገባል፣ ገብቶ ባዶውን ወንበር ያያል፣ ይስቃል ወይ ይሳደባል፣ አይወርድም ግን። ከጅጋ ወዲያ ማዶ ገነነ የሚባል ገበሬ አለ፣ ለኡምሀኒ በርበሬ የሚያመጣላት፣ ጆንያውን እያራገፈ «አያ መሐመድአወል፣ ያ ያንቱ አንድ ሰው ዛሬም አልመጣ?» ይለኝ ነበር። «መንገድ ላይ ነው» እለዋለሁ። ሙንዲር ያን ጊዜ ልጅ ነው፣ የኡምሀኒ ልጅ፣ ከእግሬ ሥር ቆሞ እኔ ያልኩትን እየደገመ ይጮሃል፣ አንድ ሰው ብቻ፣ መጨረሻዋን ትንሽ ከፍ ማድረጉን እንኳ እኔ ነኝ ያስተማርኩት፣ ከፍ ካላልክ ሰው አይቸኩልም።

ያ ድምፅ ነው እንግዲህ እዚህ የተፈለገው። እንደኔ ላሉ ሽማግሌ ስደተኞች መድኃኒት እንዴት እንደሚዋጥ፣ ሐኪም እንዴት እንደሚጠራ በየቋንቋቸው የሚያስነግር አንድ ትንሽ ድርጅት አለ፣ አማርኛ የሚያነብ ጠፍቶባቸው በናጂሃ በኩል ወደኔ መጡ፣ ስልክ ላይ ሀሎ ስላት ሴትዮዋ ስልኩን ከጆሮዋ ያራቀች መሰለኝ፣ ከዚያ በጣም ወደደችኝ። ግን ቤቱ ይቅረጽ አለች፣ ገደል ማሚቶ የሌለው ክፍል፣ ጎረቤት የማይሰማበት፣ ቧንቧ የማይንጠባጠብበት። ናጂሃ ይህን ስታስተረጉምልኝ ድምጿ ውስጥ ሳቅ ነበር፣ ከጠፋ የከረመ ሳቅ፣ አባባ ሥራ አገኙ አለች፣ ሥራ ያገኘችው እሷ ራሷ ነው የሚመስል። እኔም ሙንዲር ዘንድ ደወልኩ፣ አሁን ጎልማሳ ነው፣ ቡሬ ላይ ስልክ ይጠግናል፣ ለሰርግ ድምፅ ማጉያ ያከራያል፣ ከሱ ሌላ የማውቀው ባለሙያ የለ።

«አጎቴ፣ ማይክ ሁለት ዓይነት ነው» ይለኛል። «ኮንደንሰር የሚሉት ሁሉን ይሰማል፣ ጎረቤት ሲያዛጋ ይሰማል። ዳይናሚክ የሚሉት አፍዎ ፊት ያለውን ብቻ ነው የሚሰማ። ዳይናሚኩን ይግዙ።»

«እኔ ሁሉን የሚሰማውን ነው የምፈልግ።»

«ምን ያደርግልዎታል?»

«አመሌ ነው። እናትህን ጠይቃት።»

ኔትወርክ የተቋረጠ መስሎኝ ሀሎ፣ ሀሎ አልኩ።

«አለሁ አጎቴ። ማዳመጫውን ደግሞ ርካሹን ይግዙ። ለጆሮ ገንዘብ አያውጡ።»

«ጆሮዬ ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነ። የሚሸጠው ድምፅዎ ነው እንጂ ጆሮዎ አይደለም ብዬ ነው። ክፍል ከሌለ ቁም ሳጥን ይግቡ፣ ዙሪያውን ብርድ ልብስ ይስቀሉ። ከሁሉ የሚሻለውስ የበርበሬ ጆንያ ነበር፣ ቢደረድሩት ድምፅ ውጦ ዝም ነው፣ ግን እዚያ ከየት ያገኛሉ።»

«የበርበሬ ጆንያን ማን ነገረህ?»

«ሞክሬው ነው።»

«ምን ስትቀርጽ?»

«የ... የሰርግ ማስታወቂያ።»

ሳቅሁበት፣ የማን ሙሽራ ነው እያስነጠሰ የሚዳረው ብዬ ሳቅሁ፣ እሱም ሳቀ፣ ሳቁ ግን እንደተዋሰው ልብስ አልገጠመውም፣ ያን ጊዜ ልብ አላልኩም።

ሱቁ ስሄድ አፍንጫዋን የተበሳች ልጅ ተቀበለችኝ፣ ቋንቋዋን የማውቀው ለዳቦና ለአውቶቡስ የሚበቃኝን ነው፣ እሷም አልተጨነቀችም፣ ማዳመጫ አንሥታ ጆሮዬ ላይ ደፋችልኝና ዓለም ጠፋ። ከዚያ ማይክሮፎኑ ፊት ጣቶቿን አሻሸች፣ የጣቷ ድምፅ ራሴ ውስጥ ገባ፣ በቃ ገዛሁት። ሁሉን የሚሰማውን ማይክ ገዛሁ፣ ኢንተርፌስ የሚሉትን ትንሽ ሳጥን ገዛሁ፣ እሱ ማይኩንና ኮምፒውተሩን የሚያስታርቅ ሽማግሌ ነው፣ ያለሱ አይነጋገሩም፣ አፍ ፊት የሚቆም ወንፊት ገዛሁ፣ ትንፋሽ የሚነፋ ወንፊት አለ ብለው ለኡምሀኒ ብነግራት ትንፋሹስ ገለባ አለው ወይ ትላለች። ማዳመጫውንም ውዱን ገዛሁ፣ ሙንዲርን ሳልሰማ። ቁም ሳጥኑ ውስጥ ኮቶቼን በግራ በቀኝ ሰቀልኩ፣ ጋቢዬን ከኋላዬ፣ ብርድ ልብሱን በሩ ላይ፣ ገብቼ በሩን ስዘጋው ክርኔን ማጠፍ ብፈልግ መጀመሪያ መውጣት አለብኝ፣ ልብስ የሚሰቀልበት ሰው ተሰቀለ። ማዳመጫውን በምን ልሞክረው አልኩ። በምን እሞክረዋለሁ፣ በኡምሀኒ ነው እንጂ።

ያኔ የማውቀው ኡምሀኒ በየጁምዓው በስልክ ድምጿን እንደምትልክልኝ ነው፣ ከጥር ወዲህ ራሷ አትደውልም፣ ስደውልም አታነሣም፣ ጆሮዋ ደክሟል፣ ስልክ አትሰማም፣ መናገሩ ነው የሚቀናት ይለኛል ሙንዲር። ጆሮዋን ያደነቆርኩት እኔ ነኝ፣ የኔ ጩኸት ነው ብዬ ኮርቼም ነበር። የዛሬ ሁለት ሳምንቷን ከፈትኩ። «አወሌ፣ እንደምን ሰነበትክ። ብላ። የሚሞቅ ልበስ። ሰው የለኝም ብለህ አትመን። እኛ ሁላችን ደኅና ነን፣ አልሐምዱሊላህ።» ይህን በስልኩ ቀዳዳ ሰምቼዋለሁ፣ በቃሌ ነው የምለው። ማዳመጫው ግን ከበስተኋላዋ ያለውን ይዞ መጣ። መጀመሪያ የመጣው የሌለው ነው፣ ዝናብ የለም። በሐምሌ፣ ቡሬ፣ ቆርቆሮ ሥር፣ ዝናብ የለም፣ ካፊያ እንኳ የለም። ከዚያ ከሩቅ አንድ የሚንኮሻኮሽ ነገር፣ እንደ ደረቅ ቅጠል፣ እንደሱም አይደል፣ የተሰጣ በርበሬ በመንሽ ሲገላበጥ ነው፣ ይህን ድምፅ ከመቃብር ሆኜም አውቀዋለሁ፣ እና የገነነ ድምፅ ደብዝዞ «ይሄ ወዲህ ያለው ገና አልደረቀም» ይላል። በሐምሌ በርበሬ የሚያሰጣ እብድ እንኳ ቡሬ ላይ አልተወለደም። በርበሬ በኅዳር ነው። ከዚያ ቃሏን ስትጨርስ ፊቷን አዞረች፣ ሻሿን አፏ ላይ አደረገች፣ አስነጠሰች። ስልኩን እንደመዝጋት ዝም ብላ ቆየች፣ የሚጠበቅ ነገር እንዳለ ዝም፣ ከዚያ በቀስታ፣ ለማንም ሳይሆን፣ «ያኑርህ» አለች።

በኛ ደንብ ላስነጠሰ የሚባለው የርሐሙኪላህ ነው፣ በኅዳር ግን ቡሬ ላይ ደንብ የለም፣ ሰፈሩ እስላም ክርስቲያኑ ከበርበሬው ጋር ሲታገል ያስነጥሳል፣ አንዱ ይማርሽ ይላል፣ ያስነጠሰችው ያኑርህ ትላለች፣ እሱም መልሶ ያስነጥሳል፣ ከጎረቤት ከአጥር ማዶ ያልታየ ሰው ይማርህ ይላል፣ ቀኑ እንዲህ ነው የሚመሸው፣ ይማርሽ ሳይባል የታለፈች ማስነጠስ አላውቅም። እዚያ ጆንያ መካከል ግን ማንም ይማርሽ አላላትም። ሙንዲር ስልኩን ይዞ አፉን ዘግቶ ቆሟል፣ ድምፁ እንዳይገባ። እሷ ግን ያኑርህ አለች። ለኔ ነው ያለችው። አወል ይህን በሚሰማበት ቀን ይማርሽ ይለኛል ብላ፣ የኔን ቦታ ባዶ ትታ፣ መልሱን አስቀድማ ከፈለችኝ። ሰው ነገ ለሚባል ይማርሽ ዛሬ ያኑርህ የሚል ነገ የማይኖር እንደሆነ ነው።

ወደኋላ እየሄድኩ ሁሉን ሰማኋቸው፣ ከጥር ጀምሮ ያለው ጁምዓ ሁሉ በርበሬ በርበሬ ይሸታል። በየትኛውም ዝናብ አታነሣ፣ በዓል አታነሣ፣ ሙንዲር ይህችኛዋ ለመቼ ትሁን ሲላት ለማንኛውም ትሁን ስትለው ይታየኛል፣ ጆንያ ላይ ተቀምጣለች፣ ሆዷን በእጇ ይዛለች፣ ሕመሟን እንዳልሰማባት ስትናገር ድምጿን ታስተካክላለች፣ ብቻውን ላለ ሰው መርዶ አይነገርም ትለዋለች፣ ሲወድቅ ማን ይይዘዋል፣ ሰው እስኪሰበሰብለት ድረስ እኔ ላቆየው። እንዲህ ነው ያለችው፣ አልሰማሁም ግን እንዲህ ነው። በታኅሣሥ ስልኩ አልነሣ ብሎኝ ነበር፣ ኔትወርክ ተቋርጦ ነው አሉኝ፣ ሲነሣ የሙንዲር ድምፅ ሻክሮ ነበር፣ ጉንፋን ነው አለኝ፣ ናጂሃም ያን ሰሞን በየቀኑ ትደውልና ምን በሉ ትለኛለች። ምን ያደርግ ነበር መሐመድአወል ያን ሰሞን። ሐይቁ ላይ በረዶ በስተው ዓሣ ሲያወጡ አይቼ አህያ የሚያህል ዓሣ አወጣሁ ብዬ ለኡምሀኒ ድምፅ ስቀርጽ ነበር፣ አህያ አነሰብኝ፣ ሰርዤ በቅሎ አልኩ። እሷ አፈር ስትገባ እኔ ዓሣ አሳድጋለሁ።

ለምን እንደሚጠብቁኝ ገብቶኛል፣ ያለቀሰ ጉሮሮ አይቀረጽም፣ ሥራው አይለፈው፣ ይጨርስና እንነግረዋለን ብለዋል፣ ደግ ናቸው፣ ሳጥኑን ያጠበበብኝ ግን ደግነታቸው ነው። ከቀረጽኩ መርዶው ይመጣል፣ መርዶው ከመጣ ሙንዲር ከእንግዲህ ለምን ብሎ ይልካል፣ የቀረው ድምጿ ስልኩ ውስጥ ይቀራል። ካልቀረጽኩ ደግሞ ሴትዮዋ ለሌላ ትሰጠዋለች፣ ናጂሃም ያቺ ሳቋ ትጠፋባታለች። ብቻዬን ልልቀስ ብዬም ሞክሬዋለሁ፣ ቁም ሳጥኑን ዘግቼ፣ አፌን ከፍቼ፣ ከሆዴ አንሥቼ ለቀቅሁት፣ ኮቶቹ ዋጡት፣ ጋቢው ዋጠው፣ ፍኖተ ሰላም ይገባ የነበረ ድምፅ ከኮቱ ኪስ አላለፈም። ለቅሶ ደረትህን ስትመታ እጅህን የሚይዝ ሰው ይፈልጋል፣ እኔን የያዘኝ መስቀያ ነው። ናጂሃ ትደውላለች።

«አባባ፣ ቀረጹ?»

«ማቆሚያው ያረገርጋል።»

«ባለፈው ወንፊቱ ነበር።»

«ወንፊቱ ተስተካክሏል። ማቆሚያው ነው።»

«ሴትዮዋ ሰኞ ካልደረሰኝ ለሌላ እሰጣለሁ ብላለች። ይቅረጹና ይላኩ፣ እኛም እንመጣለን።»

«እኛ ማነው?»

«እኔና... ወዳጆች። እንዲሁ ልንጠይቅዎት።»

«በስንት ሰዓት?»

«በጧት» አለች።

«ማቆሚያው ያረገርጋል ናጂሃ።»

ስልኩን ዘግቼ ማቆሚያውን አየሁት፣ ከኔ በቀር የሚያረገርግ የለም። ቤቱን ዞርኩት፣ መስኮቱ ላይ ያቺ የማትጠልቅ ፀሐይ፣ ማቀዝቀዣው እንደተነቀለ ነው፣ ኡምሀኒ ያን ሁሉ ጁምዓ ያኑርህ ብላ ስትጠብቅ እኔ ስለ ወንፊት እዋሻለሁ፣ ማስነጠስ ሳይመለስ ስንት ጊዜ ይቆያል። ደወልኩ። ሙንዲር ሲያነሣ የመጀመሪያው የገባው ዝናቡ ነው፣ የሐምሌ ዝናብ፣ እውነተኛው፣ ቆርቆሮውን እየቀጠቀጠ።

«አቤት አጎቴ።»

«መልእክት አድርስልኝ።»

«ለማን?» አለ፣ እየጮኸ፣ ከዝናቡ በላይ።

«ላስነጠሰችው።»

ዝናቡ ብቻ።

«ይማርሽ ብሏል በላት። ማዳመጫ እስኪገዛ ቆይቶ ነው በላት። ግን ብሏል።»

ከዝናቡ ሥር ድምፁ ተሰበረ፣ አፍንጫውን ጠረገ፣ «አጎቴ» አለ፣ «ርካሹን ይግዙ ብዬዎት ነበር።»

«ብለኸኝ ነበር።»

«እንደገና እንቅረጸው ብያት ነበር እኮ፣ ያስነጠሰችበትን። ተወው አለችኝ። አወል አያልፈኝም አለች።»

ሁለታችንም ዝናቡን ሰማነው፣ እሱ በቆርቆሮው፣ እኔ በውዱ ማዳመጫ፣ ጠብታ በጠብታ። ከዚያ ልጠይቅ የፈራሁትን ጠየቅሁ።

«የቀረ አለ?»

«አለ።»

«ስንት?»

«አንድ» አለኝ ሙንዲር። «አንድ ብቻ ነው የቀረው።»

መጨረሻዋን ትንሽ ከፍ አደረጋት። እንዳስተማርኩት። የቡሬ መናኸሪያ ሽማግሌ ሆኜ ይህን ባላውቅ ማን ሊያውቅ ነው፣ መኪናው ግማሹ ባዶ ይሁን፣ እውነት አንድ ወንበር ብቻ ይሁን፣ ከውጭ የቆመ ሰው አያውቅም፣ የሚያውቅ የገባ ነው። አልጠየቅሁም። ገነነም ጠይቆኝ አያውቅም፣ እየሳቀ ነው የሚገባ።

«እንግዲያው ጁምዓን እጠብቃለሁ» አልኩት።

«እልካለሁ አጎቴ። ናጂሃስ ብትመጣ?»

«ትምጣ። ወጉን አደርሳለሁ። አንተ ግን ጁምዓህን አትዝለል።»

ናጂሃን ደወልኩላት። ማቆሚያው ቆመ አልኳት፣ እሑድ ኑ፣ በጧት ኑ፣ የምታመጫቸው ሰዎች ክንዳቸው የጠና ይሁኑ፣ ጎረቤቶቼንም በቋንቋቸው አስቀድመሽ ይቅርታ ጠይቂልኝ፣ እኔ መርዶ በቀላል አልሰማም አልኳት። ስታለቅስ ሰማኋት፣ እጇን ስልኩ ላይ አድርጋ፣ ያን እንኳ ሰማሁ። ከዚያ ቁም ሳጥኑ ገባሁ፣ ክርኔን ሰብስቤ በሩን ሳብኩ፣ ወረቀቱ መድኃኒትዎን ከምግብ በኋላ ይውሰዱ ይላል፣ ቀዩ መብራት በራ፣ ሁሉን የሚሰማው ማይክ አፌ ላይ ቀና አለ፣ ከማንበቤ በፊት ድምፅ መሞከር ደንብ ነው፣ ያቺ የሱቅ ልጅም በጣቷ እንዲሁ ሞክራልኛለች፣ ጉሮሮዬን ጠረግሁ፣ ማንኩሳ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ጅጋ፣ ደምበጫ፣ አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረው፣ አንድ ሰው ብቻ።